የመድፈኛው ሐዘንተኛ

በቅሎዋ የከተማዋን የታችኛውን በር አልፋ ዳገቱን እንደጀመረች ኮርቻው ወደ ግራ ተንሸራተተ። ወስፌ ከሕዝቡ መሀል ተስፈንጥራ ወጣች፤ የሆድ ማሰሪያውን ጠፍር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጉልበቷን ከበቅሎዋ ጎን አስደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ጎተተችው።

«ቁሚ አንቺ! ቁሚ እንጂ!»

በቅሎዋ ቆመች። ላይዋ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ፊቱ ወደ ጅራቷ የዞረ፣ እጁም ወደ ኋላ የተጠፈረ ነበርና መያዣ አጥቶ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ተወላገደ። ከኮርቻው ዙሪያ የተንጠለጠለው የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ተንቋቋ። መንገዱን ግራና ቀኝ የሞላው ሕዝብ በሳቅ አውካካ።

«እሰይ ወስፌ! አጥብቂው!» አለ አንዱ ከሰገነት ላይ። «እንዳይወድቅብን! ገና ብዙ እንስቅበታለን!»

ወስፌ ዘለበቱን አንድ ቀዳዳ አጥብቃ፣ የበቅሎዋን አንገት መታ መታ አድርጋ ከጎኗ መራመድ ቀጠለች። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ሰው በከተማው ጥቂት ነው። የኮርቻ ሰፊው ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቆዳ የምትበሳበት ወስፌ ከእጇ አይለይም፤ ምላሷም እንደ መሣሪያዋ የገባበትን ሁሉ የሚበሳ ስለሆነ ሰዉ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ወስፌ» ብሎ ጠራት፤ እሷም እሺ ብላ ተቀበለች።

ኮርቻውን የሰፋችው እሷ ናት። የፌዝ ኮርቻ ነው። የመቶ አለቃው ወደ ሱቃቸው መጥቶ «የጠላትን የመድፍ አዛዥ በከተማው ልናዞረው ነው፤ ያየው ሁሉ የሚስቅበት ኮርቻ ሥሩልኝ» ባለ ጊዜ አባቷ «እኔ የሰው ውርደት ሰፍቼ አላውቅም፣ ጌታዬ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን ከሥራ ወንበሯ ብድግ ብላ «እኔ እሰፋዋለሁ» አለች። ከተሰበረ አሮጌ ኮርቻ ላይ ቆዳውን ገፍፋ፣ የፊተኛውን ጉብታ አሹላ ወደ ጅራት ዞሮ የሚቀመጠውን ሰው ጀርባውን እንዲወጋው አደረገችው። ሁለት ረጃጅም የአህያ ጆሮ ከቆዳ ቆርጣ ተከለችበት። እያንዳንዱን ስፌት በሰም በተቀባ ክር ስትስብ አንድ ሰው ብቻ ነበር በሐሳቧ፤ መድፈኛው።

መድፈኛው የከተማዋን የምሥራቅ ግንብ መድፍ ይተኩስ የነበረ ሰው ነው። ጠላት ከተማዋን ከብቦ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ ያ ግንብ ሳይደፈር የቆየው በእሱ ነበር። በመጨረሻ ከማዶ ኮረብታ የተተኮሰ አረር የባሩዱን ክፍል አገኘውና መድፈኛውም ግንቡም አብረው ፈረሱ። ያን ጥይት ያነጣጠረ ሰው ነው አሁን በቅሎዋ ላይ ተገልብጦ የተቀመጠው። የንጉሡ ጦር ደርሶ ከበባውን ሲሰብረው ከመድፉ ሥር ተማረከ።

ይህን ሁሉ ከተማው ያውቃል። ከተማው የማያውቀው ሌላ ነው። መድፈኛው ሚስት ሳያገባ በፊት ሁለት ክረምት ሙሉ ወደ ወስፌ ሱቅ ይመላለስ ነበር። ቀበቶው ተበጠሰ ይላል፣ የባሩድ ቀንዱ ማንገቻ ላላ ይላል፣ ሲያጣ ሲያጣ ደግሞ ዝናቡን ላሳልፍ ብሎ ይገባል። ምላሷን የማይፈራ ወንድ እሱ ብቻ ነበር፤ በነገር ስትወጋው ይስቃል፣ እሷም እየሳቀች ትሰፋለች። ቃል አልሰጣትም። እጇንም አልነካም። አንድ ቀን ግን ፊቱ በርቶ መጣና «ወስፌ፣ ላገባ ነው። ለሠርጌ የሚሆን ቀበቶ ካንቺ በቀር ማንም እንዳይሠራልኝ» አላት። የሆስፒታሉን ልብስ አጣቢ ነበር የሚያገባት፤ እጇ በሙቅ ውሃና በሳሙና የተላጠ፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ወስፌ ከዚያ በፊት ልብ ብላ እንኳ ያላየቻትን ሴት። ወስፌ ቀበቶውን ሠራች። ያማረ ቀበቶ ነበር።

ሲሞት ደግሞ ከተማው በሙሉ ወደ አጣቢዋ ቤት ጎረፈ። በዚያ ረሃብ መሀል እንኳ ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ ዳቦ ይዞላት ሄደ። ወስፌም ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች፤ ተራዋ ሲደርስ «እግዜር ያጥናሽ» ብላ ወጣች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ማልቀሻ ቦታ አልነበራትም። ምን ብላ ታልቅስ? የማን ናት? ሰው በሐር ይቀናል፣ በወርቅ ይቀናል፤ ወስፌ ግን የቀናችው በጥቁር ልብስ ነው። አጣቢዋ በጥቁር ልብሷ በመንገድ ስታልፍ ወንዶች ባርኔጣቸውን ያወልቁላታል፣ ሴቶች ያቅፏታል። ወስፌ ይህን ከሱቋ በር ባየች ቁጥር አንጀቷ እርር ድብን ይላል። በሕይወት እያለ ወሰደችብኝ፤ ሞቱንም ወሰደችው፤ ለእኔ ምን ቀረ? ትላለች በሆዷ።

ዛሬ ግን የሷ ቀን ነው። ዛሬ የገዳዩን ኮርቻ የሰፋችው እሷ ናት፤ ሕዝቡ የሚጠራው የሷን ስም ነው። ከበቅሎዋ ጎን ስትራመድ መድፈኛው የሆነ ቦታ ሆኖ የሚያያት መሰላት።

ሰልፉ አደባባዩ ደረሰ። ከመሀሉ ከተማው ሁሉ ውሃ የሚቀዳበት የድንጋይ ገንዳ አለ። የመቶ አለቃው ፈረሱን አቁሞ እጁን አነሣ፤ ከበሮው ዝም አለ።

«ወገኖቼ!» አለ። «መድፈኛችንን የገደለው እጅ ይኸውላችሁ ታስሯል! ከሁላችን በፊት የምታዋርደው ሚስቱ ናት፤ የሷ መብት ነው! አምጧት!»

ሕዝቡ ተከፈለ፤ አጣቢዋ በጥቁር ልብሷ ከመሀሉ እየተገፋች መጣች። አንድ ወታደር የፈረስ ጋጥ የታጠበበት እጣቢ እስከ አፍ ገደፉ የሞላ የእንጨት ባልዲ አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረላት። ሽታው እስከ ወስፌ ደረሰ።

«ድፊበት፣ እመቤቴ» አላት የመቶ አለቃው። አጣቢ ለነበረች ሴት «እመቤቴ»! ወስፌ ይህንም ሰማች።

አጣቢዋ ባልዲውን በሁለት እጇ አነሣች። ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ። ምርኮኛው ወደ ኋላ የተገለበጠ በመሆኑ እሷን ለማየት አንገቱን ጠመዘዘ። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል፣ ጢሙ ላይ የሰው ምራቅ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን አልተሸነፈም።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ አንቺ ገረድ?» አላት እያሾፈ። «ድፊው እንጂ! ከተማችሁ ከዚህ ሌላ ለእንግዳ የሚያቀርበው ነገር እንደሌለው ድሮም አውቃለሁ!»

የቁጣ ጩኸት አደባባዩን ሞላው። «ድፊበት! ድፊበት!» አጣቢዋ ባልዲውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አንዴ ወደ ምርኮኛው፣ አንዴ ወደ ሕዝቡ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ የገዛ እጇን አየች። ቀጥላ ዘወር አለችና እጣቢውን በቦዩ ውስጥ ደፋችው። ወደ ገንዳው ሄዳ ባልዲውን አጠበችው፤ አንዴ አልበቃትም፣ ደግማ አጠበችው፤ ሥራዋ ነውና ታውቅበታለች። ንጹሕ ውሃ ቀድታ ተመለሰች፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ተንጠራርታ ባልዲውን ከምርኮኛው አፍ አደረሰችለት።

ሰውዬው መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ተንኮል መስሎት ነው። የውሃው ሽታ ሲደርሰው ግን መቋቋም አቃተው፤ ጠጣ። ውሃው በጢሙ እየፈሰሰ በእሷ ጥቁር እጅጌ ላይ ወረደ። አደባባዩ ጭጭ አለ፤ ሲውጥ እንኳ ይሰማ ነበር።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ወስፌ የሴቶቹን ፊት አየች። አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይህንንም ልትወስደው ነው! የሰፋሁበትን ቀን፣ የኔን ቀን! ያ ሐሳብ ከአንጎሏ ወደ ምላሷ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ባሏን ብትወደው ኖሮ ታደርገው ነበር?» ብላ ጮኸች። «ገዳዩን የምታጠጣ ሚስት ናት? መቼ ወዳው ታውቅና! ለዳቦው ነው ያገባችው!»

ሕዝቡ የሚለው አጥቶ ተቸግሮ ነበርና ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ወሰደው። «እውነቷን ነው!» «ይህቺ አስመሳይ!» የጋጋሪው ሚስት፣ ያቺ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ «አዲስ ባል አምሯታል መሰለኝ፣ ይሄው ተገልብጦ መጣላት!» ስትል ሳቁ ፈነዳ። አንዱ ጭቃ ወረወረ። የበሰበሰ ጎመን ተከተለ። ከዚያ ድንጋይ መጣና አጣቢዋን ከቅንድቧ በላይ አገኛት፤ ደሙ በፊቷ ወረደ። ባልዲውን ግን ምርኮኛው ጠጥቶ እስኪጨርስ አላወረደችውም።

የመቶ አለቃው በሕዝብ ፊት ሥነ ሥርዓቱ ተበላሽቶበት ፊቱ ቀልቷል። «እንግዲያው ባልዲውን ከወደድሽው አንገትሽ ላይ ይሁንልሽ!» አለ። ወታደሩ የባልዲውን ገመድ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። «ከበቅሎዋ ኋላ ተከተዪ! እስከ ምሽጉ!»

ሰልፉ ወደ ምሽጉ የሚወስደውን ጠባብ ዳገት ያዘ። መንገዱ ስለጠበበ ሕዝቡ ከኋላ ቀርቶ ወስፌና አጣቢዋ ጎን ለጎን ሆኑ። ወስፌ ጠፍሩን እንደያዘች በዓይኗ ጫፍ አየቻት። ደሙ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም፤ አለማለቱም አናደዳት።

«ሰው እንዲያይሽ ነው አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ። «ጻድቅ ናት እንዲሉሽ!»

«ልደፋበት ነበር» አለች አጣቢዋ።

«ታዲያ?»

«ልደፋበት ነበር እኮ። ከልቤ ነበር ያነሣሁት። ሌሊት ሌሊት እንዲህ የማደርግበትን ቀን ስመኝ ነው የከረምኩት።» ባልዲው እየተወዛወዘ ደረቷን ሲመታት በእጇ ያዝ አደረገችው። «ቄሱ በየዓመቱ የጌታን ሕማም ሲያነቡ ታውቂያለሽ አይደል? ሲዘብቱበት፣ ሲተፉበት፣ እሱም ለእነሱው ሲለምንላቸው። እኔ ያንን በሰማሁ ቁጥር ከሚያለቅሱት ሴቶች ጋር የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ባልዲውን አንሥቼ እጄን ሳየው... ከማን ጋር እንደቆምኩ አየሁ። ፈራሁ፣ እቴ። ሌላ ምንም አይደለም።»

«ሰውዬው እኮ ሰደበሽ!»

«ጠምቶት ነው። የጠማው ሰው ክፉ ይናገራል።» ወደ ወስፌ ዞረች። «የተቃጠለም ሰው እንደዚያው ነው። አንቺን ማንም አላጽናናሽም።»

ወስፌ ዞረችባት። «ምን አልሽ?»

«ይወድሽ ነበር። እንደ እኔ አይደለም፤ ግን ይወድሽ ነበር። አንቺ ደግሞ...» አጣቢዋ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። «ያ ሁሉ ሰው ደጃፌ ሲመጣ አንቺ ነበርሽ የምትታይኝ። ልመጣ እያልኩ ፈራሁ፤ ታባርሪኛለሽ ብዬ። እግዜር ያጥናሽ።»

ወስፌ ከዚያ ቀን በፊት ያን ቃል ማንም ሳይላት ኖራለች። አሁን ስትሰማው ግን ቅናቷ ከበፊቱ ብሶ ተነሣ። ከተረፋት ላይ ቆርሳ ልትመጸውተኝ! እሱንም፣ ሐዘኑንም፣ ደግነቱንም ጠቅልላ ይዛ፣ ከዚያ ፍርፋሪውን ለኔ! «አፍሽን ዝጊ» አለቻት። «ያንቺ ማጽናናት ይቅርብኝ።»

ከምሽጉ በር ላይ ምርኮኛውን ከበቅሎዋ አወረዱት። እግሩ ስለደነዘዘ ሁለት ጠባቂዎች ደገፉት። ዓይኑ ባልዲ አንጠልጥላ ወደቆመችው ሴት ሄደ።

«ያቺ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ውስጥ የቀድሞው ሹፈት አሁንም ነበር። «እብድ ናት እንዴ?»

«የምሥራቁ ግንብ መድፈኛ ሚስት ናት» አለው ሽማግሌው በር ጠባቂ። «አንተ የገደልከው።»

ምርኮኛው ፊቱን እንዳይሸፍን እጁ ታስሯል። ዞር ብሎ ግንባሩን በበቅሎዋ አንገት ላይ ደፋ፤ ጎትተው እስኪያስገቡት ድረስም ቀና አላለም። የሳቀ ማንም አልነበረም።

የመቶ አለቃው ይህ ዝምታ አላማረውም። «ይቺ ሴት ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚሁ ትቁም!» ብሎ አዘዘ። «ያለፈ ያገደመ ሁሉ ጉድፉን ባልዲዋ ውስጥ ይጣልላት!» ቀጥሎ ወስፌን ክንዷን ይዞ ወደፊት አወጣት። «መድፈኛችን ሐዘንተኛ የለውም እንዳትሉ! እውነተኛዋ ሐዘንተኛ ይህቺ ናት! ኮርቻውን የሰፋች፣ እውነቱን የተናገረች!»

ያኔ ያ የተመኘችው ሁሉ መጣላት። ሴቶች አቀፏት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀላት። የጋጋሪው ሚስት ሁለቱን ጉንጮቿን ስማ «እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ወስፌ አለቀሰች። በሰው ፊት፣ በፀሐይ፣ ማንም «ምን ሆነሽ?» ሳይላት አለቀሰች። ጣፈጣት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ እንደ ማር ነበር የጣፈጣት። ሰዎቹ ሲያቅፏት በትከሻቸው በኩል አጣቢዋን አየቻት፤ አንዲት ሴት የዓሣ አንጀት ባልዲዋ ውስጥ ስትጥል አየች። ዓይኗን ጨፈነችና ማልቀሷን ቀጠለች።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ በሱቁ በር ተቀምጠው የልጓም ቆዳ በቅባት ያሻሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን የሚሠሩት በጣታቸው ነው።

«ስታለቅሺ ነበር» አሉ፤ ድምፅዋን ሳይሰሙ፣ ከትንፋሿ ብቻ።

«ሰው አጽናናኝ፣ አባዬ። ለመድፈኛው።»

አባቷ እጃቸውን ከቆዳው አነሡ። «እኔ ነበርኩ ማድረግ ያለብኝ» አሉ። «ያየሁ እንዳይመስልሽ ብዬ ዝም አልኩ። ሴት ልጅን በማይሆን ነገር ማጽናናት ማሳፈር መሰለኝ። ማነው ቀድሞ ያጽናናሽ?»

ወስፌ ልትመልስ አፏን ከፈተች። «ከተማው» ልትል ነበር። የጋጋሪው ሚስት ልትል ነበር። ጥያቄው ግን «ቀድሞ ማን?» የሚል ነበር።

«ሚስቱ» አለች።

«እሷ?» አባቷ በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ራሷ አሁን የት ናት?»

ወስፌ ከሥራ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ውሃ ጠጣች፣ ደግማ ተቀመጠች። ጠዋት የጣፈጣት ሁሉ በአፏ ውስጥ መሮ መጣ። ደግነት አልነበረም የተሰማት፤ ደግ ሴት አይደለችምና አታውቀውም። የተሰማት ቅናት ነበር፣ ያው የለመደችው ቅናት፣ ግን ፊቱን አዙሮ። በጥቁሩ ልብስ መቅናቷ ቀርቶ ደም በፊቷ እየፈሰሰ «ጠምቶት ነው» ባለችው ሴት ልብ ቀናች። እኔ እንዲህ መሆን አልችልም? ለምን? ማን ከለከለኝ? አሁንም በንዴት፣ ጥርሷን እንደነከሰች፣ ከመደርደሪያው የበግ ለምድ ቁራጭ፣ ክርና መሣሪያዋን አነሣች።

«የት ነው?» አሉ አባቷ።

«ወደ ምሽጉ።»

«በዚህ ሰዓት ያዋርዱሻል።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ምሽጉ በር ስትደርስ ፀሐይ ወደ ግንቡ አዘንብላ ነበር። ባልዲው ከግማሽ አልፏል፤ የድንች ልጣጭ፣ አመድ፣ የፈረስ ፋንድያ፣ ድንጋይም አለበት። ገመዱ የአጣቢዋን አንገት ገዝግዞ ደም አውጥቷል። አቀርቅራ ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወስፌ ምንም ሳትል ከፊቷ ቆመች፣ በግራ ክንዷ ባልዲውን ከሥሩ ደግፋ ክብደቱን ተቀበለች፣ ለምዱን በገመዱ ላይ ጠቅልላ መስፋት ጀመረች። አጣቢዋ ዓይኗን ገልጣ አየቻት።

«አትንቀሳቀሺ» አለቻት ወስፌ በቁጣ። «እወጋሻለሁ።»

ሽማግሌው በር ጠባቂ አይቶ እንዳላየ ሆነ። አላፊዎቹ ግን ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ የመቶ አለቃው ራሱ መጣ።

«ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች?»

ወስፌ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ዞረች። «ጌታዬ፣ ጠዋት የተናገርኩት ውሸት ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብላ። «ባሏን ትወደው ነበር። ባትወደው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትወደው ነበር። የዋሸሁት ቀንቼ ነው።»

ለመቶ አለቃው ያከበራትን ሴት መልሶ ማዋረድ በራሱ ላይ መሳቅ ነው። «እንግዲያው አብረሽ ቁሚ» ብሎ ፊቱን አዞረና ወደ ውስጥ ገባ።

ሕዝቡ ግን አልራራላትም። «ቀናች! ወስፌ ቀናች!» የጋጋሪው ሚስት የቆሻሻ ዕቃዋን ታቅፋ ከፊት ቆማለች፤ ጠዋት በሳመቻት አፍ «ጉድ በሉ፣ መድፈኛው ሁለት ሚስት ነበረው እንዴ!» አለችና ሰዉን አሳቀችው። «አንዷ ታጥብለታለች፣ አንዷ ትሰፋለታለች! ምነው እሱ እቴ፣ ተመችቶት ነበር!»

ወስፌ ለዓመታት የደበቀችው ነገር በአደባባይ ለሳቅ ተሰጣ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ይህችን ሴት ከሁለት በማይበልጥ ቃል ዳግመኛ ከቤቷ እንዳትወጣ ማድረግ ትችላለች፤ በከበባው ጊዜ ዱቄት ለመሸጥ ደብቃ እያለች ወተቷ ደርቆ የገዛ ጨቅላዋን እንደቀበረች ያውቃል ከተማው፣ ማንም ግን በፊቷ አንሥቶት አያውቅም። ወስፌ አፏን ከፈተች። ከዚያ የሴትየዋን ዓይን አየች። አፏ ይስቃል፤ ዓይኗ አይስቅም። እንቅልፍ ካጣ የከረመ፣ የተቃጠለ ዓይን ነው። ያን ዓይን ታውቀዋለች። በየማለዳው በገዛ መስተዋቷ ውስጥ ስታየው ኖራለች።

መልሱን ዋጠችው። እንደ እሾህ እየቧጨራት ነው የወረደው።

«እትዬ» አለቻት ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ተጠግታ። «የልጅሽ ነገር... ያኔ መጥቼ አላጽናናሁሽም። እግዜር ያጥናሽ።»

የጋጋሪው ሚስት ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ዕቃዋን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። የምትጥለው ነበር ይዛ የመጣችው፤ ነገር ግን ባልዲው ውስጥ አልጣለችውም። ዘወር ብላ ዳገቱን ወረደች። የሚያስቃቸው ሲያጡ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ወደ በኋላ ያለፉት ጥቂት ሰዎች የወረወሩት ወስፌንም አገኛት፤ አንዱ ፀጉሯን አመድ አለበሳት።

ሁለቱ ሴቶች ባልዲውን በአራት እጅ እንደደገፉ ቆሙ። ወስፌ ጎኗ ያለውን ትንፋሽ ትሰማለች። ቅናቷ አልሞተም፤ እዚያው ከሁለቱ መሀል ተቀምጧል፤ ግን እንደ ጠዋቱ አይጮህም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች ወስፌ፣ ከፊቷ እያየች።

«ጠይቂኝ።»

«ቤት ውስጥ... እንዴት ነበር?»

«ያንኮራፋ ነበር። እንደ መድፍ። መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስቀሰቅሰው እኔ አላንኮራፋም ብሎ ይከራከረኛል፣ ይምላል። ደግሞ እግሩ ሁልጊዜ ይቀዘቅዘዋል። በበጋም ይቀዘቅዘዋል።»

ወስፌ ይህን ነበር ስትቀናበት የኖረችው፤ ግንብ ላይ ቆሞ የሚተኩሰውን ሰው ሁሉም አይቶታል፣ እግሩ የሚቀዘቅዘውን ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት የምታውቀው። አሁን ሁለት ሆኑ።

«እኔም ቀንቼብሽ አውቃለሁ» አለች አጣቢዋ በድንገት።

«በኔ? በምኔ ልትቀኚ?»

«አንቺ ጋር የዋለበትን ቀን ሲያነሣ እየሳቀ ነበር። ወስፌ እንዲህ አለችኝ፣ ወስፌ እንዲህ አለችኝ ይለኛል። እኔ ሰው ማሳቅ አላውቅበትም። ከሠርጋችን በፊት የነበረውን እሱን አላውቀውም፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ብዙ ቀን ልጠይቅሽ ፈልጌ... እኔ ሳላውቀው በፊት እንዴት ነበር? ንገሪኝ።»

ወስፌ ከፀጉሯ ላይ የወረደውን አመድ በትከሻዋ ጠረገች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጀመረች።

«መጀመሪያ የመጣ ቀን» አለች፣ «ጫማውን ግራና ቀኙን አዛውሮ አድርጎ ነበር። እኔ ደግሞ ዝም አልኩት...»

አጣቢዋ እያነባች ሳቀች፤ እንድትቀጥልም በክንዷ ጎነተል አደረገቻት።